«ክሌር ደ ሉን»፦ ፒያኖው ለምን አይጠብቀኝም?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂዋ ፈረንሳይኛ ትማራለች፣ በጎን ድምፅ ትለማመዳለች። የድምፅ አስተማሪዋ የፈረንሳዊውን የሙዚቃ ደራሲ የጋብሪኤል ፎሬን «ክሌር ደ ሉን» («የጨረቃ ብርሃን» ማለት ነው) አጥኚ ብሎ ሰጣት። እንዲህ ትላለች፦ «ስሙን ሳይ ያ ሁሉም ሰው የሚያውቀው የፒያኖ ሙዚቃ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ደግሞ ፒያኖው ለብቻው ይሄዳል፣ እኔ ለብቻዬ። ሁሌ የዘገየሁ ይመስለኛል። የፈረንሳይኛ አስተማሪዬ በቃል መጨረሻ ያለችውን ‹ኧ› አትጥሪያት ይለኛል፤ የሰማኋቸው ዘፋኞች ግን በሙሉ ይጠሯታል። ማንን ልስማ?»

እሺ እህቴ። እኔ ሥራዬ ዘፋኝ ማጀብ ነው፣ ከፒያኖው ጀርባ ነው የምውለው፤ ስለዚህ ይህን ጥያቄ ከፒያኖው ወገን ሆኜ እንደምመልስልሽ ከወዲሁ እወቂው። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከቀላሉ ልጀምር። ያ በየፊልሙና በየሆቴሉ የምትሰሚው የፒያኖ ሥራ የክሎድ ደቡሲ ነው። ቃል የለውም። በ1905 የታተመው «ስዊት ቤርጋማስክ» አራት ክፍል አለው፤ እሱ ሦስተኛው ነው። ያንቺው የፎሬ ነው፤ በ1887 ለድምፅና ለፒያኖ የተጻፈ። ሁለቱን የሚያዛምዳቸው አንድ ግጥም ነው፤ የፈረንሳዊው ገጣሚ የፖል ቬርሌን ግጥም። «ቤርጋማስክ» የምትለውም ቃል በዚያው ግጥም ሁለተኛ ስንኝ ላይ አለች። ነገሩን የሚያወሳስበው፣ ደቡሲ ይህንኑ ግጥም ከነቃሉ ሁለት ጊዜ ዜማ አውጥቶለታል፤ አንዴ በ1882፣ ገና 20 ዓመት ገደማ ሳለ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የመጀመሪያውን ትቶ እንደ አዲስ በ1891። ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ ስሙን ብቻ ብትጽፊ ቢያንስ አራት የተለያየ ነገር ይመጣብሻል። ፎሬ የሚለውን ጨምሪበት። ይሄ አለቀ።

ፈረንሳዮች እንዲህ ዓይነቱን ሥራ «ሜሎዲ» ይሉታል። እኛ ሜሎዲ ስንል ዜማ ማለታችን ነው፤ እነሱ ግን እዚህ ላይ ሌላ ነገር ማለታቸው ነው፦ ገጣሚ ለመነበብ የጻፈው ግጥም ተወስዶ ለአንድ ድምፅና ለፒያኖ ሲዘጋጅ። ተራ ዘፈን ላይ ግጥምና ዜማ አንዱ ላንዱ ተብሎ ይሠራል፤ ዜማው ካልተመቸ ግጥሙ ይቀየራል። እዚህ ግን ግጥሙ ቀድሞ አለ። የፎሬ እጅ ሲገባ በመጽሐፍ ከታተመ 18 ዓመት ሆኖታል። ሙዚቀኛው አንባቢ ነው፤ የሚጽፈውም ሙዚቃ ግጥሙን እንዴት እንዳነበበው ያሳያል። ይህን ካልያዝሽ ፒያኖው ለምን እንደዚያ እንደሚሄድ በጭራሽ አይገባሽም።

አሁን ዜማውን እርሺውና ግጥሙን ብቻ አንብቢ። 12 ስንኝ፣ ሦስት አንጓ። በ1869 የወጣው «ፌት ጋላንት» የሚባለው መድበል የመጀመሪያ ግጥም ነው። ሐሳቡን በአማርኛ ላስቀምጥልሽ፤ ቤት ላስመታ ብዬ አልሞክርም።

ነፍስዎ ተመርጦ የተገኘ መልክዓ ምድር ናት፤ ጭምብል ያጠለቁ ሰዎችና ቤርጋማስኮች እየዞሩ ያስውቧታል፤ ሉት ይመታሉ፣ ይጨፍራሉ፣ በዚያ ጉደኛ ልብሳቸው ሥር ግን ያዘኑ ያህል ናቸው። በማይነር፣ ማለትም ሐዘን በሚመስለው የዜማ ስልት፣ እየዘፈኑ ፍቅር ድል ማድረጉን፣ ኑሮ መመቸቱን ይናገራሉ፤ በደስታቸው ግን የሚያምኑ አይመስሉም፤ ዘፈናቸውም ከጨረቃዋ ብርሃን ጋር ይቀላቀላል፤ ከዚያ ጸጥ ካለው፣ ከሚያሳዝነውና ከሚያምረው የጨረቃ ብርሃን ጋር፤ ዛፍ ላይ ያሉትን ወፎች ሕልም ከሚያሳየው፣ ሽቅብ የሚረጨውን ውሃም በሐሴት ከሚያንሰቀስቀው፤ ያንን በእብነ በረዱ መሀል የቆመውን ረጅም፣ ሸንቃጣ ውሃ።

«ነፍስዎ» ያልኩት አውቄ ነው። ቬርሌን «ቮትር» ነው ያለው፣ «አንተ» ወይም «አንቺ» አላለም። እንግሊዝኛው ትርጉም ላይ ይህ ይጠፋል፤ እኛ ጋ ግን «እርስዎ» አለልን፤ ተጠቀሚበት። ለምትወጃት ጓደኛሽ እንደምታወሪ አይደለም የምትዘፍኚው፤ ትንሽ ራቅ ብለሽ፣ ጎንበስ ብለሽ እጅ እንደምትነሺ ነው። ያ ርቀት ግጥሙ ውስጥ በሙሉ አለ።

ቤርጋማስክ ቤርጋሞ ከምትባለው የጣልያን ከተማ ነው የመጣው። የጭፈራ ስም ነው፤ የዚያ አገር ሰው ማለትም ይሆናል። በድሮው የጣልያን የጭምብል ቲያትር አርሌኪኖ የሚባለው ባለ ብዙ ቀለም ልብስ አሽከር የቤርጋሞ ሰው ነው። ሉት የዑድ ዘመድ ነው። ይህ ሁሉ ዕቃ፣ ጭምብሉም ሉቱም የአትክልት ሥፍራውም፣ የቬርሌን ዘመን ዕቃ አይደለም። ከ1684 እስከ 1721 የኖረው ሠዓሊ አንቷን ቫቶ ሥዕሎች ላይ ያለ ነው፤ ሐር የለበሱ ሰዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሙዚቃ ሲሰሙና ሲሽኮረመሙ የሚታዩባቸው። «ፌት ጋላንት» የሚለው መጠሪያ ራሱ የፈረንሳይ የሥዕል አካዳሚ በ1717 ለቫቶ ሥራ የሰጠው ነው። ቬርሌን ግጥሙን መጀመሪያ በ1867 ሲያወጣው ዘጠነኛው ስንኝ «ጸጥ ያለው የቫቶ የጨረቃ ብርሃን» ነበር የሚለው። በኋላ የሠዓሊውን ስም አወጣና «የሚያሳዝንና የሚያምር» የሚለውን አስገባ። ቤቱም ሳይፈርስ፣ ቀለሙም ሳይጎድል። በኔ ግምት ግጥሙን ያዳነው ይህ እርማት ነው፤ ከሥዕል መግለጫነት አወጣው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ፒያኖው ለምን ለብቻው ይሄዳል?

ኖታውን ገልጠሽ ከርዕሱ ሥር ያለውን አንብቢ። «ሚኒዌት» ይላል። ሚኒዌት በሦስት ምት የሚሄድ የቤተ መንግሥት ጭፈራ ነው፤ 17ኛውና 18ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ነው የነገሠው። በ1887 ፓሪስ ውስጥ ሚኒዌት የሚጨፍር የለም። ያኔ ይህን ስልት የሰማ ሰው ያሮጌ ልብስ፣ የዊግና የጭምብል ነገር ነው ትዝ የሚለው። ማለትም ፎሬ ለፒያኖው ልብስ አለበሰው። ጭምብል ያጠለቀው ፒያኖው ነው። ቀኝ እጁ ዜማ ይዟል፤ ግራ እጁ ክር እንደሚነካ ሰው ነጠል ነጠል እያደረገ ይደረድራል፤ እሱ ሉቱ ነው። 12 ባር (ባር ማለት አንድ ዙር ምት ነው) ያህል ብቻውን ይጫወታል፤ ለአጭር ሜሎዲ ይህ ረጅም መግቢያ ነው፣ ጠቅላላው እኮ ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው። ዘፋኟን አውጥተሽ ፒያኖውን ብቻ ብታጫውቺው ሙሉ ሥራ ነው፤ ምንም አይጎድለውም። ሞክሪው። አብዛኛው የዘፈን አጃቢ ፒያኖ ግን ዘፋኙን ካወጣሽበት ባዶ ቤት ነው።

ከዚያ አንቺ ትገቢያለሽ። እንዴት ነው የምትገቢው? ፒያኖው ቆሞ፣ በር ከፍቶ «ግቢ» አይልሽም። ዜማውን ሊጨርስና እንደገና ሊጀምር ሲል፣ መሀል ላይ፣ ሌላ ዜማ ይዘሽ ትደርሻለሽ። እሱ የመጀመሪያውን ዜማ ከላይ ይደግማል፤ አንቺ በላዩ ላይ ትናገሪያለሽ። የሱን ዜማ አይደለም የምትዘፍኚው። ሞቅ ያለ ድግስ ቤት ዘግይተሽ ገብተሽ፣ ግድግዳ ተደግፈሽ፣ ጎንሽ ላለው ሰው ድምፅሽን ቀነስ አድርገሽ «እነዚህን ሰዎች አየሃቸው? ደስ ያላቸው አይመስሉም» ብትዪ፣ ባንዱ ለአንቺ ብሎ ሙዚቃ ያቆማል? አያቆምም። ይሄ ነው። ጨፋሪዎቹ ፒያኖው ውስጥ ናቸው፣ አንቺ የምታያቸው ነሽ።

ስለዚህ «የዘገየሁ ይመስለኛል» ያልሽው ስህተት ሳይሆን ፎሬ አስቦ ያስቀመጠው ስሜት ነው። ዘግይተሻል። እንድትዘገዪ ነው የተጻፈው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ጀማሪ አጃቢ ሳለሁ ይህን ሥራ ከአንዲት ዘፋኝ ጋር ሠራን። እኔ ደግ ልሁን ብዬ በየስንኙ መጨረሻ እሷን እጠብቃለሁ። እሷ ደግሞ ጨዋ ናት፣ እኔ ስዘገይ አብራኝ ትዘገያለች። አንዳችን ላንዳችን ስንተዛዘን ሚኒዌቱ የቀብር ሰልፍ ሆነ። ከአዳራሹ ኋላ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ሲያዛጋ ከመድረክ አየሁት፤ እስከ ዛሬ ይታየኛል። በኋላ ቀረጻውን ስሰማው አራት ደቂቃ ተኩል ፈጅተናል። የዚህ ሥራ አጃቢ ደግ መሆን የለበትም። ከፎሬ ጋር የሠሩ ዘፋኞችም የመሰከሩት ይህንኑ ነው፤ ፒያኖ ላይ ሲቀመጥ ጊዜ አያስረዝምም፣ አያሳጥርም፣ እንደ ሰዓት ነበር። አጃቢሽ ሊጠብቅሽ ሲዳዳው «ተወኝ፣ ሂድ» በዪው።

አጠናንሽን በተመለከተ፣ እኔ ብሆን ለመጀመሪያዎቹ ቀናት አልዘፍንም። አጃቢሽ ፒያኖውን ብቻ በስልክ ይቅረጽልሽ። ቤት ውስጥ እየዞርሽ፣ ዕቃ እያጠብሽ ስሚው። የቀኝ እጁን ዜማ በ«ላ» እስክታዜሚው ድረስ። ያ ዜማ የአንቺ አይደለም፤ ግን ጎረቤትሽ ነው፣ ድምፁን ሳታውቂ አጠገቡ መኖር አትችዪም። ቀጥሎ በዚያው ቀረጻ ላይ ግጥሙን በንግግር ድምፅ በዪው፣ ኖታው ላይ ባለው ምት። ዜማሽን በመጨረሻ አምጪው። ብዙ ሰው በተቃራኒው ነው የሚሄደው፤ የራሱን ዜማ ለብቻው ሸምድዶ ይመጣና ፒያኖው ሲነሳ ይደናገጣል።

አሁን «ኧ»። የፈረንሳይኛ አስተማሪሽ ልክ ነው፤ ዘፋኞቹም ልክ ናቸው።

በአማርኛ ብታስቢው ይቀልሻል። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ ድምፅ አለው፣ አንዳንዴ ይዋጣል። «ብርድ» ስትዪ ብ ድምፅ አላት፤ ር እና ድ ግን ከኋላዋ ተጣብቀው ነው የሚወጡት፣ ግጥም ስትቆጥሪም ለብቻቸው አትቆጥሪያቸውም። ወል ቤት ስድስት ስድስት ቀለም ሲሆን ጆሮሽ ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። የፈረንሳይኛዋ «ኧ» የእኛ ሳድስ ዘመድ ናት ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ የእነሱ ግጥም ላይ ቁርጥ ያለ ሕግ አላት። ቀጥሎ ተነባቢ ካለ ትቆጠራለች። ቀጥሎ አናባቢ ካለ ትዋጣለች። ስንኙ መጨረሻ ላይ ካለች አለች፣ ግን አትቆጠርም። መንገድ ላይ ሰው እንዴት ይናገራል የሚለው እዚህ ቦታ የለውም።

የመጀመሪያውን ስንኝ ውሰጂ። ግጥሙ በየስንኙ አሥር ቀለም ነው። መንገድ ላይ ያለ ፈረንሳዊ «ቮትር አም ኤ ታን ፔይዛዥ ሿዚ» ይላል። ቁጠሪ፦ ቮ፣ ትራ፣ ሜ፣ ታን፣ ፔ፣ ይ፣ ዛዥ፣ ሿ፣ ዚ። ዘጠኝ። አንድ ጎደለ። ዘፋኙ ግን «ዛዥ» አይልም፣ «ዛ-ዠ» ይላል፤ ቮ፣ ትራ፣ ሜ፣ ታን፣ ፔ፣ ይ፣ ዛ፣ ዠ፣ ሿ፣ ዚ። አሥር። ከሳድስ ወደ ግዕዝ፣ ከዥ ወደ ዠ፣ ሌላ ምንም የለም። እግረ መንገድሽን «ቮትር» እና «አም» ላይ ያለችው «ኧ» እንዴት እንደተዋጠች እይ፤ ሁለቱም ቀጥሎ አናባቢ ስላገኙ ነው።

አራተኛው ስንኝ ላይ ደግሞ ሁለት አሉ። «ትሪስ-ተ ሱ ለር ዴ-ጊ-ዘ-ማን ፋን-ታስክ»። «ተ»ን እና «ዘ»ን ካልጠራሽ ስንኙ ስምንት ይሆንና ኖታው ይተርፍሻል። ኖታው ራሱ እኮ ይነግርሻል፤ ፎሬ ለእያንዳንዷ ቀለም ኖታ ሰጥቷታል። የምትጠሪው እሱ ኖታ የሰጣትን ነው፣ አለቀ።

ግን ስትጠሪያት አትጫኛት። ጀማሪ ዘፋኝ «ኧ» ስታገኝ ደስ ብሏት ትቀመጥባታለች፤ ከዚያ ያ የሚያምር ቃል ጅራቱ ከራሱ ይበልጣል። በተለይ ስንኝ መጨረሻ ላይ። ቬርሌን ቤት የሚመታው አንዱን በ«ኧ» በሚያልቅ ቃል፣ አንዱን በማያልቅ እያፈራረቀ ነው፦ ሿዚ፣ ቤርጋማስክ፣ ካዚ፣ ፋንታስክ። ሁለተኛው፣ አራተኛው፣ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው «ማርብር» ድረስ በዚያች ትንሽ ጅራት ነው የሚያልቁት። በሯን ስትዘጊ መጨረሻ ላይ የምትሰማውን «ቀጭ» አስቢያት። አለች፣ ግን ለሷ ብለሽ በር አትዘጊም።

«ካዚ» ካልኩ አይቀር፣ «ኳዚ» አይደለም። ቤት የሚመታው ከ«ሿዚ» ጋር ነው፣ ያ ያስታውስሽ። ቬርሌን እዚህ ላይ ተንኮል ሠርቷል፤ «ይጨፍራሉ፣ ያዘኑ» የሚለውን «ያህል» በሚለው ቃል ላይ ቆርጦ ስንኙን ጨረሰና «ያዘኑ»ን ወደሚቀጥለው አሻገረው። አንባቢው አፋፍ ላይ ለቅጽበት ይቆማል፦ «ምን ያህል? ምን ሊሆኑ ነው?» ከዚያ «ትሪስት» ይመጣል። አንቺ እዚያ ላይ አየር ከሳብሽ አፋፉን ደለደልሽው ማለት ነው። ትንፋሽሽን ከ«ካዚ» በፊት ጨርሺ፣ ከዚያ ሳታቋርጪ ተሻገሪ። እንዲሁም ግጥሙ ሦስት አንጓ ቢሆንም ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው አንጓ አንድ፣ የቀሩት ስምንት ስንኞች በሙሉ አንድ። ሁለተኛው አንጓ መጨረሻ ላይ ያለው ነጠላ ሰረዝ ነው እንጂ አራት ነጥብ አይደለም። ፊትሽ ላይ «ጨረስኩ» የሚል ነገር እንዳይታይ።

ስለ አነጋገር ጥቂት ልበልና ልለፍ። «ር»ን በተመለከተ ተገላገልሽ፤ የፓሪሱን የጉሮሮ ር ለመንገድ አቆዪው፣ በዚህ ዓይነቱ ዘፈን ነባሩ ልማድ በምላስ ጫፍ ነው፣ ማለት እንደ አማርኛችን ር። «ዳንሳን» እና «ሻንታን» ላይ መጨረሻው ን አይደለም፤ ምላስሽ ላንቃሽን ከነካ ተሳስተሻል፣ ድምፁ በአፍንጫ ያልፍና ክፍት ሆኖ ይቀራል። «ሉን» ላይ ያለችው አናባቢ ደግሞ እኛ ጋ የለችም። ከንፈርሽን «ኡ» ልትዪ አሹዪው፣ ውስጡን «ኢ» በዪ። መስታወት ፊት ሆነሽ ስትሞክሪው ያስቅሻል፣ ግን ይመጣል።

ዘጠነኛው ስንኝ ላይ ስትደርሺ ነገሩ ይቀየራል። «ኦ ካል-መ ክሌር ደ ሉ-ነ ትሪስ-ቴ ቦ።» እዚህ የሚኒዌቱ ዜማ ይጠፋል። ፒያኖው ጭፈራውን ትቶ መፍሰስ ይጀምራል። ቅድም ግድግዳ ተደግፈሽ ሰዎቹን ስታዪ ነበር፤ አሁን ቀና ብለሽ ጨረቃዋን አየሽ፣ ሙዚቃውም ለቅጽበት ከጆሮሽ ራቀ። ከዚያ ሁለት ስንኝ ቀድሞ ያለው «በደስታቸው የሚያምኑ አይመስሉም» የሚለው ስንኝ ነው፤ የግጥሙ ልብ እሱ ይመስለኛል። ብዙ ዘፋኝ እዚያ ላይ ድምፁን ያንቀጠቅጣል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። እኔ አልወደውም። ሐዘኑን አንቺ ማሳየት የለብሽም፣ ፒያኖው እየጨፈረልሽ ነው እኮ። ሰው በትዝታ ዘፈን እስክስታ ሲወርድ አይተሽ ታውቂያለሽ፤ ፊቱ ይስቃል፣ ግጥሙ ያለቅሳል፣ ማንም ቆሞ «እያዘንኩ ነው» አይልም። ስንኙን ደረቅ አድርገሽ፣ እንደ ዜና ንገሪው። ይበልጥ ይገባል።

ደቡሲ ይህን ቦታ በሌላ መንገድ ነው የሄደው፤ የ1891ዱን ስትሰሚ ድምፁና ፒያኖው እንደ ጭስ ይቀላቀላሉ፤ የፎሬ ግን ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። የቱ ይበልጣል የሚለው የቡና ጭቅጭቅ ነው። እኔ የፎሬ ወገን ነኝ፤ ምክንያቴ ያው፣ የሚጠቅመኝ ስለሆነ ነው፤ ለአጃቢ ከዚህ የተሻለ ሥራ አይገኝም።

ስለ ፎሬና ቬርሌን ትንሽ ላክልልሽ፣ ታሪኩ ይጣፍጣል። ይህ ሥራ ፎሬ የቬርሌንን ግጥም ሲነካ የመጀመሪያው ነው። 42 ዓመቱ ነበር፣ ማድሌን የሚባለው የፓሪስ ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን ኃላፊ ሆኖ ይሠራል፣ ታዋቂውን የሙታን ጸሎት ሙዚቃውን የጻፈውም በዚያው ሰሞን ነው። ከዚያ ቬርሌንን አልለቀቀውም፤ በ1892 እና በ1894 መካከል ዘጠኝ ግጥሙን አንድ ላይ «ላ ቦን ሻንሶን» ብሎ ሠራ። በመሀል በ1891 ዊናሬታ ሲንገር የምትባል ሀብታም ሴት ሁለቱ ሰዎች አንድ የመድረክ ሥራ አብረው እንዲሠሩላት ፈለገች። ሲንገር ማለት ያው ሰፈራችን ልብስ ሰፊ ጋ የምናውቀው የሲንጀር መኪና ነው፤ የባለቤቱ ልጅ ናት። ቬርሌን ግን በሽታና መጠጥ ተባብረውበት ከሆስፒታል ሆስፒታል የሚል ሰው ነበር፤ ድርሰቱን ሳይሰጣቸው ቀረ። ፎሬ ቬኒስ ሄዶ የእሷ እንግዳ ሆነና አምስት የቬርሌን ግጥሞችን ዜማ ማውጣት ጀመረ። በልብስ ስፌት ገንዘብ የተወለደ ሙዚቃ። የአንቺ ሥራ ራሱ ፎሬ ካረጀ በኋላም አልተረሳም፤ በ1919 ሞንቴ ካርሎ ላይ ለታየው «ማስክ ኤ ቤርጋማስክ» ለሚባለው የመድረክ ሥራው መልሶ ተጠቅሞበታል። ኦርኬስትራ ያጀበውም ቅጂ አለ፤ ስሚው፣ ግን አትማሪበት፤ የሉቱ ነገር እዚያ ይለሰልሳል።

ኖታ ስትገዢ ቁልፉን፣ ማለትም ዜማው የተጻፈበትን የድምፅ ከፍታ፣ እይ። ፎሬ የጻፈው በቢ ፍላት ማይነር ነው። የሱ ሜሎዲዎች ለከፍተኛ ድምፅ፣ ለዝቅተኛ ድምፅ ተብለው በተለያየ ቁልፍ ይታተማሉ፤ አስተማሪሽ የሰጠሽ አንገትሽን የሚያስወጥር ከሆነ የሚወርድልሽን ጠይቂ፣ ነውር የለውም። ይህ ሥራ ድምፅ ማሳያ አይደለም። ከፍ ባለ ቁልፍ ስትታገዪ ያቺ «ንግግር መሰል» ነገር ትጠፋብሻለች።

አንድ ነገር ቀረኝ። ግጥሙ ሊያልቅ ሲል ሚኒዌቱ ይመለሳል፤ አንቺ ገና ስለ ውሃው እያወራሽ ሳለ ጭፈራው ከሥርሽ ሲነሳ ትሰሚዋለሽ። «ማር-ብረ» ብለሽ ትጨርሻለሽ፣ «ብረ» ቀስ ብላ። ፒያኖው ግን አልጨረሰም፤ ጥቂት ባር ብቻውን ይሄዳል። እዚያ ላይ አጎንብሰሽ እጅ እንዳትነሺ፣ ውሃ እንዳትጠጪ፣ ወደ አጃቢሽም ዞረሽ ፈገግ እንዳትዪ። ቁሚና ስሚው። እሱ ደግሞ መጨረሻው ላይ ጊዜውን ማርዘም ካማረው እምቢ በዪው።